ትሮካር ሆድ በስቶ ሲገባ እጅ ለምን ያመልጣል? ሞላው ላይ እንነጋገር

ጥገና_አዳማ (ክር ከፋች) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ዛሬ የመጣሁት ስለ ትሮካር ላወራችሁ ነው፤ ትሮካር ማለት ሆድን የሚበሳ ጫፍ ያለው፣ ለካሜራና ለመሣሪያ መግቢያ የሚሆን ቱቦ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ላፓሮስኮፒ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። የሐሞት ጠጠር፣ ትርፍ አንጀት፣ ብዙ የማህፀን ችግሮችም እንዲህ ይሠራሉ። ታካሚው ቶሎ ይነሳል፣ ጠባሳው ትንሽ ነው። ግን ካሜራው ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ሆዱን መብሳት አለበት። ያ የመጀመሪያው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በጭፍን ነው የሚበሳው። በላፓሮስኮፒ ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች ግማሽ ያህሉ የሚደርሱትም ዋናው ሥራ ሳይጀመር፣ እዚችው መግቢያ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የካሜራው ስክሪን ስላስቸገረ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ ትሮካሩን መዳፉ ውስጥ አስገብቶ፣ ግራ ቀኝ እያዞረ ይገፋል። ቆዳው ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ አልበሳ አለ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በአንዴ እጀታው ሆዱ ላይ ተለጠፈ። ካሜራው ሲገባ ስክሪኑ ላይ ያየነው ደም ነበር። ማንም አልተናገረም። ሆዱ ተከፈተ፤ አንጀትን ከጀርባ ጋር በሚያያይዘው ስስ መጋረጃ ላይ የተበሳ የደም ሥር ተገኝቶ ተሰፋ። ሰውየው ድኖ ወጣ፤ ግን በትንሽ ቀዳዳ ሊሄድ የመጣ ሰው በረጅም ስፌት ነው የሄደው።

ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ እጁ ላይ ክፋት የለም። ብሎኬት በትራፓኖ የበሳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጫፉ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ሰውነታችሁ አብሮት ይሄዳል። የሆድ ግድግዳም እንደዚያው ነው። ጠንካራው ነጭ ሽፋን፣ ፋሺያ የሚባለው፣ ያስቸግራል፤ ጉልበት ይጨመራል፤ ሽፋኑ ሲለቅ ያ ሁሉ ጉልበት የሚይዘው ያጣል። ሰው «ለቀቀ» ብሎ ተሰምቶት እጁን እስኪያቆም ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። እጁ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። በ0.15 ሰከንድ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ቀጭን ሰው ላይ ደግሞ ከእምብርት ቆዳ እስከ ትልቁ የደም ሥር ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ማቆሙን ለሰው እጅ ከመተው ጫፉ ራሱ እንዲቆም ማድረግ አይቻልም? በሞላ የሚሠራ ንድፍ ጀምሬያለሁ። የብረት ሰው፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ያላችሁ ሁሉ አስተያየታችሁን ለግሱኝ።

---

ቶርኖ_ቤት_30ዓመት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ሕክምናውን አላውቀውም፤ ሞላ ግን አውቃለሁ።

ሞላ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ መግፋት ነው። ሌላው ተጨቁኖ መጠበቅና ሲለቁት መሸሽ ነው። አንተ የምትፈልገው የትኛውን ነው? ስለቱን ሊሸፍን ወደፊት የሚወጣ መከለያ ካሰብክ፣ ያ መከለያ ቀዳዳው ውስጥ ሥጋውን እያሻሸ ነው የሚወጣው። ሥጋ ደግሞ ይይዛል። ወደ ኋላ የሚሸሽ ስለት ካሰብክ ግን የሚነካው ነገር የለም፤ ቱቦው ውስጥ ነው የሚሄደው። 3 ሚሊ ሜትር ከሸሸ ይበቃል። የሚሸሸው ክፍል ቀላል ይሁን። እጀታው ከነስለቱ ይሽሽ ብትል ከብዶህ ትዘገያለህ፤ ጫፏ ብቻ ትሽሽ።

ንድፉን ለጥፈው፤ ልየው።

---

ቀዳጅ_ሐኪም · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ክር ከፋቹ ያነሳው ነጥብ ትክክል ነው። ለመሐንዲሶቹ የሚጠቅም ታሪክ ልጨምር፤ ያለዚያ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ከተሞከረ ነገር ልንጀምር ነው።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስገባው ትሮካሩን ሳይሆን ቬሬስ መርፌን ነው። ሠሪው ያኖሽ ቬሬስ የሚባል ሀንጋሪያዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናቸው። ለሆድ አልነበረም የሠራው። ያኔ የሳንባ ነቀርሳ የሚታከመው በደረት ውስጥ አየር አስገብቶ ሳንባውን በማሳረፍ ነበርና መርፌው ሳንባ እንዳይወጋ ነው ያሰበው። ውጪው ሹል ነው፤ ውስጡ በሞላ የሚገፋ ዱልዱም ዘንግ አለ። ሥጋ ላይ ሲጫኑት ዱልዱሙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሹሉ ይበሳል። ባዶ ቦታ ሲደርስ ዱልዱሙ ተስፈንጥሮ ይወጣል። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው ያንኑ ነው። ሽፋኖቹ ሲበሱ ሁለት ጊዜ «ጠቅ» ሲል በጣት ይሰማል።

በመርፌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ከዚያ ትሮካሩ ይከተላል። መርፌው ትክክለኛ ቦታ ለመድረሱ ከሁሉ የምተማመንበት ምልክት የመጀመሪያው የጋዝ ግፊት ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ደህና ነው። ወጣት ሐኪሞች አደራ፦ መርፌው ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ወዲያ ወዲህ አትወዝውዙት። አንጀት ነክቶ ከሆነ የ1.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ቅዳጅ ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ መከለያ ያላቸው ትሮካሮች መጡ። «ደህንነት» የሚል ቃል ታትሞባቸው ይሸጡ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1996 (እ.ኤ.አ.) አምራቾቹ ማስረጃ ከሌላቸው ቃሉን እንዲያነሱ ጠየቀ። ምክንያቱን ጋሽ ቶርኖ ሳያዩት ተናግረውታል፦ መከለያው የሚወጣው ቀዳዳው በስፋቱ ልክ ከተከፈተለት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለቱ ራቁቱን ሆድ ውስጥ ቆይቷል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሀሪስ ሃሰን በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ክፍት መግቢያ አለ፦ እምብርት አጠገብ ትንሽ ቆርጦ፣ ሽፋኑን በዓይን እያዩ ከፍቶ፣ ዱልዱም ትሮካር ማስገባት። አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። በእጃችን ያለውን በደንብ መልመድ ይሻላል እላለሁ።

---

መካኒካል_ተመራቂ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ዶክተር፣ ስላካፈሉን እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የራስ ቅል የሚበሱ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ትራፓኖ ይህን ችግር ቀድሞ ፈትቶታል። ጫፉ የሚሽከረከረው አጥንቱ እስከገፋው ድረስ ብቻ ነው። አጥንቱ አልቆ ግፊቱ ሲጠፋ ክላቹ ይለቃል፣ ጫፉ ይቆማል፤ ሐኪሙ እጁን ባያነሳም እንኳ። ሁለተኛ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኒኮላይ ቤግ የሚባል የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ይህንኑ የመብሳት ችግር ይዞ ሲሠራ ቆይቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የሌመልሰን የተማሪዎች ሽልማት አግኝቷል። የእሱም አስተሳሰብ ጫፉ ተቃውሞ ሲያጣ በራሱ ወደ ውስጥ መሸሽ አለበት የሚል ነው።

ቁም ነገሩ፣ ሞላውን ጨቁኖ የሚያቆየውን ቃታ የሚይዘው ሥጋው ራሱ መሆኑ ነው። ሥጋው ሲለቅ ቃታው ይለቃል።

---

ጥገና_አዳማ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ የእርስዎ ሐሳብ ንድፌን ገለባበጠው፤ መከለያውን ትቼዋለሁ።

ዶክተር፣ ክፍት መግቢያን አልቃወምም። ግን ወፍራም ሰው ላይ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ሽፋኑን ማየት እንደሚያስቸግር፣ ጋዙም በጎን እንደሚሾልክ ከእናንተው ሰምቻለሁ። ደግሞም ክፍት መግቢያ የአንጀትን ጉዳት ጨርሶ አያስቀርም አይደል?

---

ቀዳጅ_ሐኪም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

አያስቀርም። ልክ ነህ። ዘዴዎቹን ያወዳደሩ ጥናቶችም በትልልቅ ጉዳቶች ረገድ አንዱ ከሌላው በግልጽ እንደሚበልጥ አላሳዩም። ጉዳቱ እምብዛም ስለማይከሰት ልዩነቱን ለማየት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች ያስፈልጋሉ። እምብርቱ አካባቢ የቀድሞ ስፌት ያለበት ታካሚ ሲገጥመኝ እኔም ቦታ እቀይራለሁ፤ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ፣ ፈረንሳዊው ራውል ፓልመር ባመለከተው ቦታ።

ስለዚህ ሥራህን አልከለክልህም። ግን ከመፈልሰፍህ በፊት አሁን እጃችን ላይ ያለው ሞላ ይሠራ እንደሆነ ማን ይመረምረዋል? የቬሬስ መርፌ ሞላ የማይመለስ ከሆነ ተራ ሹል ብረት ነው።

---

ሲስተር_ሐዋሳ · ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11፡45

ከሌሊት ተረኛነት እየወጣሁ ነው፤ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም። ዶክተር ያሉት ልቤን ነካኝ።

እኔ መሣሪያ አቀባይ ነርስ ነኝ፤ 14 ዓመት። መሣሪያው ከታካሚው ሆድ ወጥቶ ወደ እጄ ሲመለስ ምን እንደሚመስል የማየው እኔ ነኝ። በሞላው ቀለበቶች መካከል ደም ይደርቃል። ጋዝ የሚያልፍባት ቀዳዳ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል።

በረኪናውን ደግሞ አስቡት። የተማርኩት ደንብ 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ግን በሠራሁባቸው ቦታዎች፣ የትኛው እንደሆነ አልጠራም፣ ሌላ ኬዝ ገብቶ ወይም ውሃ ጠፍቶ እቃው እዚያው ተዘፍዝፎ ያደረበት ጊዜ አለ። ጠዋት ሳወጣው ሞላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቻለሁ። ክሎሪን አይዝጌ የሚባለውንም ብረት ይቦረቡረዋል። ከዚያ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ፣ ደጋግሞ። ያቺ ቀጭን ሞላ ይህን ሁሉ እንዴት ትቻለው?

ወንድሜ ጥገና፣ አዲስ ትሮካር ከሠራህ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። ያለ መሣሪያ በእጅ ይፈታልኝ። ሲፈታ የሚበተኑ ቁርጥራጮች አይኑሩት፤ የጠፋች አንዲት ቪት ሆድ ውስጥ ቀርታ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር ማደር አልፈልግም። ብሩሽ የማይገባበት ጉድጓድም አይኑረው።

---

ቶርኖ_ቤት_30ዓመት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እህቴ፣ ተባረኪ። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላገኘውም ነበር።

ልጄ፣ ሞላውን ከገበያ ገዝተህ እንዳትገጥም። ተራው የሞላ ሽቦ ውሃ ሲነካው ይዝጋል። አይዝጌ የሞላ ሽቦ መሆን አለበት። ስለቱ ደግሞ ሌላ ብረት ነው፤ አይዝጌ ሆኖ በእሳት የሚጠነክረው ዓይነት። ሁለቱን አንድ ብረት አታድርጋቸው፤ ስለት የሚሆነው ሞላ አይሆንም። ጥርሱን፣ ቃታው የሚይዘውን፣ በአንድ ወጥ ከቱቦው ላይ አውጥተን ብንሠራው ሲስተሯ ያለችው ቪት አያስፈልግም።

---

የእናቴ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00

ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ በሚቀጥለው ወር ለሐሞት ጠጠር በዚህ መንገድ ልትሠራ ቀጠሮ ተይዞላታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፈራሁ። ልከልክላት?

---

ቀዳጅ_ሐኪም · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡35

እህቴ፣ አትከልክያት። የምናወራው ስለ ትልልቅ የደም ሥሮች ጉዳት ነው፤ እሱ ከሺህ ታካሚዎች በአንዱም የማይደርስ ነው። ሐሞቷ ሳይታከም ቢቆይ ሊያስከትል የሚችለው ጣጣ ከዚህ ይብሳል። ማድረግ የምትችይው ነገር አለ፦ ከዚህ በፊት ሆዷ ተቀድዶ የሚያውቅ ከሆነ፣ በቄሳር ወልዳም ቢሆን፣ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር። ስፌቱ ሥር አንጀት ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል መግቢያውን ሊቀይረው ይችላል። በየት በኩል እንደሚገቡም ጠይቂያቸው፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

---

የእናቴ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። እኔን የወለደችው በቄሳር ነው። ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።

---

ጥገና_አዳማ · እሁድ፣ ከቀኑ 9፡15

ዘግይቼ ተመለስኩ፤ ግን ባዶ እጄን አይደለም።

መጀመሪያ ዶክተር ያሉትን ሠራሁ። የተጣሉ አራት የቬሬስ መርፌዎች ነበሩኝ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ጎማ አስቀመጥኩ፤ መርፌውን ቀጥ አድርጌ ዱልዱሙን ጫፍ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ሸሽቶ ሊገባ ሲል ሚዛኑ ያነበበውን ግራም ጻፍኩ። ከዚያ ድንገት አንስቼ አመላለሱን በስልክ በዝግታ ቀረጽኩት። ሁለቱ ተስፈንጥረው ተመለሱ። አንዱ ሲመለስ በዓይን ይታያል፤ እንደ ደከመው ሰው እየተንፏቀቀ። አራተኛው ገብቶ እዚያው ቀረ። ፈታሁት፤ ሲስተር ያለችው ቡናማ ቅርፊት በጥፍር የሚፋቅ ሆኖ ሞላው ላይ ተጣብቋል። ይህ መርፌ እስኪጣል ድረስ ስንት ሰው ላይ እንደገባ ማሰብ ከበደኝ።

ዋናው ደግሞ ትናንት ነበር። ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ተመራቂውም ባለበት፣ ከሉካንዳ ቤት ያመጣነውን የበግ የጎን ሥጋ ከነሽፋኑ ባልዲ አፍ ላይ ወጥረን አሰርነው። ባልዲው ውስጥ በየሴንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ ዘንግ አቆምን። በተለመደው ሹል ስንበሳ ጫፉ በየጊዜው ጠልቆ ሄደ፤ ጋሼ 30 ዓመት የሠራ እጃቸውን ይዘው እንኳ ሊያስቆሙት አልቻሉም። ቀስ ብለው ሲገፉ ደግሞ ሥጋው ተለጥጦ ተለጥጦ ነበር የሚለቀው፤ ለካ ቀስ ማለት ብቻውን አያድንም።

ከዚያ ጋሼ በቶርኖ ያወጡትን ሞዴል ሞከርነው። የመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ አልነበረም። ጫፉ ሥጋውን ሲያልፍ «ጠቅ» ብሎ ሸሸ፤ ፋሺያውን ግን ገና አልነካም ነበር! ሥጋና ስቡ መካከል ግፊቱ ሲቀንስ ቃታው ተታለለ። እንደገና አጉርሰን ገፋን፤ አሁንም ሸሸ። ሦስተኛው ላይ አለፈ፤ ቀለሙ ላይ ያየነው ከአንድ ሴንቲ ሜትር አላለፈም። ዱልዱሙ ቱቦ ግን ከኋላው ገፍቶ ስለመጣ በእጅ መያዣው ላይ ማቆሚያ አንገት እንደሚያስፈልግ ተማርን። የሙከራውን ቪዲዮ አያይዣለሁ።

---

መካኒካል_ተመራቂ · እሁድ፣ ከቀኑ 10፡00

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ቃታው ቶሎ መታለሉ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም ባይ ነኝ። በየሽፋኑ መሸሹ ሐኪሙ እንደገና አስቦ እንዲያጎርስ ያስገድደዋል። በስህተት ከሚቆምና በስህተት ከማይቆም መሣሪያ የቱን ትመርጣላችሁ?

---

ቀዳጅ_ሐኪም · እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡20

ልጆች፣ ቪዲዮውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሦስቴ አራቴ ማጉረስ ሐኪሙን ያሰለቸዋል፤ የተሰላቸ ሐኪም ደግሞ ቃታውን በጣቱ ይዞ ይገፋል። ያኔ ሁሉም ከንቱ ነው። ቃታው በጣት የማይያዝበት ቦታ ይግባ። ስሜቱንም ጠብቁልኝ፦ ሲለቅ በመዳፌ ልስማው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ነገር ከበግ ሥጋ ወደ ሰው የሚሄድበት አቋራጭ የለም። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ መሣሪያ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ማንም ሐኪም «እስቲ ስጡኝ ልሞክረው» ቢላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትሰጡ።

የሚዛኑን ሙከራ ግን ነገ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ እጀምረዋለሁ። እያንዳንዱ መርፌ ከመታሸጉ በፊት። ለእሱ ፈቃድ አያስፈልገኝም።

---

ሲስተር_ሐዋሳ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ዶክተር፣ ሚዛኑን ስታስጀምሩ ለአጣቢዎቹ ማሳየት እንዳይረሳ። መርፌውን በመጨረሻ የሚነኩት እነሱ ናቸው፤ ማንም ጠርቶ አያሠለጥናቸውም።

ወንድሜ ጥገና፣ ሁለት ከአገልግሎት የወጡ ትሮካሮችና አንድ ሞላው የላላ ቬሬስ መርፌ አሉኝ። ኃላፊዬን አስፈቅጃለሁ። በአውቶክሌቭ አልፈዋል፤ ጫፋቸውን በፕላስቲክ ሸፍኜ በካርቶን አሽጌአቸዋለሁ። ነገ ማለዳ አዳማ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ በሻሸመኔ፣ በባቱ አድርጎ እስከ እኩለ ቀን ይደርሳል። መነሃሪያ ጠብቀው፤ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

---

ጥገና_አዳማ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡12

ልኬልሻለሁ ሲስተር። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ መነሃሪያው በር ላይ ነኝ።

ጋሼ፣ አንገቱን 2 ሚሊ ሜትር አስፉልኝ። ቃታውን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። ቅዳሜ ሥጋውን እኔ አመጣለሁ።